ከአደባባዩ እስከ ምርመራ ክፍሉ፦ የፕሮፌሰር ቼፊ አርባ ዓመታት

በኦገስት 1918 አንድ ማለዳ፣ ኒውዮርክ ሃውስተን ጎዳና አካባቢ ወደ ሥራ የሚጣደፉ ሰዎች ላይ ወረቀት ዘነበ። ከፋብሪካ ፎቅ መስኮት የተበተኑ በራሪ ወረቀቶች ነበሩ። ከፊሎቹ በእንግሊዝኛ፣ ከፊሎቹ ደግሞ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በሚነጋገሩበት በዪዲሽ ተጽፈዋል። የሁለቱም ቁም ነገር አሜሪካ ጦሯን ወደ ሩሲያ መላኳን ማውገዝ ነው። የዪዲሹ ግን አንድ እርምጃ ይቀጥልና የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞችን ሥራ አቁሙ ይላል።

ፖሊስ የወረቀቶቹን ባለቤቶች ለማግኘት ብዙ አልደከመም። ከተያዙት መካከል ከሩሲያ የተሰደዱ ወጣቶች አሉ፦ መጽሐፍ ጠራዡ ጄከብ ኤብራምስ፣ ሳሙኤል ሊፕማን፣ ሃይማን ላኮውስኪ፣ ጄከብ ሽዋርትዝ፣ እንዲሁም ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል የማይሞላው የሃያ ዓመቷ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ሞሊ ስታይመር። ሽዋርትዝ ክሱ ሳይሰማ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ባለሥልጣናቱ የገደለው የሳንባ ምች ነው አሉ፤ ጓደኞቹ የፖሊስ ዱላ ነው አሉ። ኤብራምስ፣ ሊፕማንና ላኮውስኪ ሃያ ሃያ ዓመት፣ ስታይመር አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደባቸው።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፍርድ ብርቅ አልነበረም። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ከገባች በኋላ በ1917 የስለላ ሕግ፣ በ1918 ደግሞ መንግሥትን፣ ሠራዊቱንና ባንዲራውን በክፉ ቃል ማንሣትን ጭምር የሚቀጣ ማሻሻያ ወጥቶ ነበር። በነዚህ ሕጎች ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው ተከሷል። የነኤብራምስ መዝገብ ከሌሎቹ ጋር አቧራ ለብሶ ያልቀረው አንድ የሃርቫርድ የሕግ መምህር ቁጭ ብለው ስላነበቡት ነው። መምህሩ ዜካራያ ቼፊ፣ በእኛ አጠራር ዘካርያስ ይባላሉ።

የቼፊ ስም ዛሬ ከአሜሪካ የመናገር ነጻነት ሕግ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ስለ ፖሊስ ምርመራ የሠሩትን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው። ይህ ቅኝት ሁለቱን አንድ ላይ ያያል። ምክንያቱም ሰውየው ከ1916 እስከ 1956 ባስተማሩባቸው አርባ ዓመታት ደጋግመው ያሳዩት አንድ ነገር ነው፦ ሕገ መንግሥት ለአፍ የሰጠውን ነጻነት ብዙ ጊዜ የሚነጥቀው የሕጉ ቃል ሳይሆን የአያያዙ፣ የምርመራውና የችሎቱ አካሄድ ነው። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የብረት ፋብሪካው ልጅ

ቼፊ በዲሴምበር 1885 በሮድ አይላንድ ዋና ከተማ በፕሮቪደንስ ተወለዱ። ቤተሰቡ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ያለው፣ የተደላደለ ነው። የዘር ሐረጉ ደግሞ ሮድ አይላንድን የሃይማኖት ነጻነት መጠጊያ አድርጎ ከመሠረታት ከሮጀር ዊሊያምስ ይመዘዛል። በ1907 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ ሲመረቁ የገቡት ወደ አባታቸው ፋብሪካ ነው። ሦስት ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ ልባቸው ወደ ሕግ አዘነበለና በ1913 ከሃርቫርድ ተመረቁ። ፕሮቪደንስ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ጥብቅና ሠርተው በ1916 ለማስተማር ወደ ሃርቫርድ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ሰውየው ዐመፀኛ አለመሆናቸው ነው። ያደጉት ከአሠሪዎች ወገን ነው፤ አሳባቸውም ከዚያ ብዙ አልራቀም። የተቀበሉት ኮርስ እንኳ ከፖለቲካ የራቀ የሚመስለው የርትዕ ሕግ ነበር። ዲን ሮስኮ ፓውንድ ሲያስተምሩት የቆየውን ይህን ኮርስ ወጣቱ መምህር ሲረከቡ አንድ ጥያቄ ገጠማቸው፦ ስም የሚያጠፋ ጽሑፍ ገና ሳይታተም ፍርድ ቤት በእግድ ሊያስቆመው ይችላል ወይ? መልሱን ፍለጋ ከ1916 በፊት የተሰጡትን ፍርዶች ሲያገላብጡ ያገኙት እጅግ ጥቂት ነበር። የመናገር ነጻነትን የሚጠብቀው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ በፍርድ ቤት ያን ያህል አልተፈተነም ነበር።

ፈተናው ግን ደጃፍ ላይ ደርሷል። በማርች 1919 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቻርልስ ሼንክ የተባለ የሶሻሊስት ፓርቲ ጸሐፊ የግዳጅ ምልመላን የሚቃወም ወረቀት በመበተኑ የተሰጠበትን ፍርድ አጸና። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ ቲያትር ቤት ውስጥ በሐሰት እሳት ተነሣ ብሎ የሚጮኽን ሰው ምሳሌ አድርገው፣ ንግግር የሚያስቀጣው «ግልጽና ድርስ የሆነ አደጋ» ሲያስከትል ነው አሉ። በሳምንቱ ያው ፍርድ ቤት የሶሻሊስቱን መሪ የዩጂን ዴብስን የአሥር ዓመት እስር አጸና። የዴብስ ጥፋት ካንተን፣ ኦሃዮ ላይ ያደረገው ንግግር ነው። በ1920 ምርጫ ከአትላንታ ወህኒ ቤት ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ከዘጠኝ መቶ ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቷል።

ቼፊ በጁን 1919 በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ በጦርነት ጊዜ ስለ መናገር ነጻነት ረዥም ጽሑፍ አወጡ። የጽሑፉ ብልሃት ሆልምስን ከመንቀፍ ይልቅ የሆልምስን ቃል መያዙ ነው። «ግልጽና ድርስ» ከተባለ፣ ሩቅና ደብዛዛ የሆነው አደጋ አያስቀጣም ማለት ነው ሲሉ ተረጎሙት። መናገር የተናጋሪው የግል ጥቅም ብቻ አይደለም፤ ማኅበረሰቡ እውነትን አንጥሮ የሚያገኝበት መንገድ ነው፤ ስለዚህ በሚዛን ላይ የሚቀመጠው የአንድ ሰው አፍ ከአገር ደኅንነት ጋር ሳይሆን፣ የአገር አንዱ ጥቅም ከሌላው የአገር ጥቅም ጋር ነው አሉ። ዳኛው ያጠሩትን አጥር ሳያፈርሱ በር አበጁለት።

በዚያው ክረምት እንግሊዛዊው ምሁር ሃሮልድ ላስኪ ሆልምስንና ቼፊን ሻይ ላይ አገናኟቸው። ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው ዳኛና ሠላሳ ሦስት ዓመት የሆናቸው መምህር የተነጋገሩትን ቃል በቃል የመዘገበ የለም። በኖቬምበር 10 ቀን 1919 የነኤብራምስ ይግባኝ በሰባት ለሁለት ድምፅ ሲወድቅ ግን ከሁለቱ ተቃዋሚዎች አንዱ ሆልምስ ነበሩ፤ ሁለተኛው ሉዊስ ብራንዳይስ። ሆልምስ በልዩነት ሐሳባቸው የአንድን ሐሳብ እውነትነት የሚፈትነው በሐሳቦች ገበያ ላይ ተወዳድሮ ተቀባይ ማግኘቱ ነው የሚለውን እምነት አሰፈሩ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች በዚያ ስምንት ወር ውስጥ ዳኛውን ካዘነበሏቸው ነገሮች መካከል የቼፊን ጽሑፍ ይቆጥራሉ።

መምህሩ ራሳቸው ሲከሰሱ

ቼፊ በዚህ አላበቁም። በ1920 የነኤብራምስን የችሎት መዝገብ መርምረው ሁለተኛ ጽሑፍ አወጡ። ይህኛው ስለ ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ አንድ ችሎት እንዴት እንደተመራ ነው። ዳኛው ሄንሪ ዴላማር ክሌይተን ከአላባማ ለተደራቢ ሥራ የመጡ ነበሩ፤ ወንድማቸው ችሎቱ በተካሄደበት በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ በጦርነቱ ሞቷል። ችሎት ላይ ተከሳሾቹን ራሳቸው ያፋጥጡ ነበር፤ አገሪቱን ካልወደዳችሁ ለምን ወደ መጣችሁበት አትመለሱም ዓይነት ጥያቄ እየወረወሩ። ቼፊ ይህን ሁሉ ከመዝገቡ ነቅሰው፣ ዳኛ የዐቃቤ ሕግን ሥራ ሲደርብ ተከሳሹ የተናገረው ነገር ወንጀል መሆን አለመሆኑ መመዘኑ ይቀራል፤ የሚመዘነው ተከሳሹ ማን መሆኑ ነው አሉ። ለተፈረደባቸው ሰዎች ምሕረት የሚጠይቅ ማመልከቻም ከዲን ፓውንድና ከባልደረባቸው ከፌሊክስ ፍራንክፈርተር ጋር ፈረሙ።

ይህ ከባድ ዋጋ ሊያስከፍላቸው ነበር። ኦስተን ፎክስ የተባሉ የኒውዮርክ ጠበቃ ከሌሎች የሃርቫርድ ምሩቃን ጋር ሆነው፣ ቼፊ በጽሑፋቸው ውስጥ እውነት ያልሆነ ነገር አስፍረዋልና ለማስተማር አይበቁም የሚል አቤቱታ ለዩኒቨርሲቲው አቀረቡ። በሜይ 22 ቀን 1921 ጉዳዩ ቦስተን በሚገኘው የሃርቫርድ ክበብ ተሰማ። እስቲ ክፍሉን እናስበው። በአንድ ወገን ስመ ጥር ጠበቃ፤ በሌላው ወገን በመጽሔት ጽሑፍ የግርጌ ማስታወሻ የተከሰሱ መምህር፤ ፊት ለፊት ደግሞ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑትን ቤንጃሚን ካርዶዞን የጨመረ የዳኞችና የሕግ ሰዎች ኮሚቴ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሎረንስ ሎዌል በፖለቲካ ወግ አጥባቂ ናቸው፤ ያን ቀን ግን ጠበቃ ሆነው ቆሙላቸው።

ቼፊ ጥቂት የዝርዝር ስሕተቶች እንዳሉ አልካዱም። ሊናገሩ የሚወዱት ሌላ ነበር። በዝምድናም በስሜትም ወገኔ አምራቹና አሠሪው ነው፤ አናርኪስቶቹ በሚሉት አልስማማም፤ የምጠይቀው ወገኔ ሲታገል በሐቅ እንዲታገል ነው አሉ። ኮሚቴው በስድስት ለአምስት ድምፅ ለእሳቸው ወሰነ። አንድ ድምፅ ወዲያ ቢሆን ኖሮ የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ከዚያ በኋላ ምን ሊጽፉ ይደፍሩ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ወጣቶቹስ? በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሩሲያ እንዲሄዱ ተደርጎ ከእስር ወጡ። የሶቪየት መንግሥትም አልቻላቸውም፤ ስታይመርን አስሮ ቆይቶ ከአገር አባረራት። ኤብራምስና ስታይመር የኋላ ዘመናቸውን የጨረሱት ሜክሲኮ ነው። ስታይመርን አሜሪካም ሶቪየትም ያባረሯት በአንድ ምክንያት ነው፤ አፏ ስላላረፈ።

ጃንዋሪ 1920፦ በር የሚሰበርበት ሌሊት

ከዚህ ሁሉ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ቼፊን ከወረቀት ወደ እስር ቤት ደጃፍ ያወጣ ነገር ተከሥቷል። በጃንዋሪ 2 ቀን 1920 ሌሊት፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ የሚቸል ፓልመር ሰዎች በበርካታ ከተሞች ኮሚኒስት ናቸው የተባሉ ስደተኞችን በጅምላ አፈሱ። ብዙው የመያዣም የመበርበሪያም ትእዛዝ አልነበረበትም። ስብሰባ ላይ የተገኘ፣ ካፌ ውስጥ የተቀመጠ፣ ወዳጁን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ተግዟል። ቦስተን ውስጥ የተያዙት በሰንሰለት ታስረው በጎዳና ከተነዱ በኋላ በወደቡ ወዳለው የዲር ደሴት እስር ቤት ተወሰዱ፤ ጃንዋሪ የቦስተን ብርድ አጥንት የሚሰብርበት ወር ነው።

እስረኞቹ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ሲያቀርቡ ቼፊና ፍራንክፈርተር «የፍርድ ቤት ወዳጅ» ሆነው ዳኛ ጆርጅ አንደርሰን ፊት ቆሙ። ችሎቱ የመንግሥቱን ሰላዮችና የአያያዛቸውን መንገድ አደባባይ አወጣው፤ ዳኛውም በጁን 1920 አሠራሩን አጥብቀው አወገዙ። በሜይ ወር ደግሞ ቼፊ፣ ፓውንድ፣ ፍራንክፈርተርና ሌሎች፣ በድምሩ አሥራ ሁለት የሕግ ሰዎች፣ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱን ሕገ ወጥ ድርጊቶች የሚዘረዝር ዘገባ በስማቸው አውጥተው ነበር። በፓልመር ሥር አፈሳውን ያስተባበረው ወጣት ሹም ጄ. ኤድጋር ሁቨር ይባላል። በኋላ የመራው የምርመራ ቢሮ የቼፊን ስም በዶሴ መያዙ አያስገርምም።

ለእኛ ቅኝት ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። እነዚያ ስደተኞች የተያዙት በሐሳባቸው ነው። ጠበቆቹ የተከራከሩላቸው ግን በአብዛኛው ስለ ሐሳባቸው አይደለም፤ ትእዛዝ ነበረ ወይ፣ ጠበቃ አገኙ ወይ፣ በስንት ቀን ዳኛ ፊት ቀረቡ ብለው ነው። በድሮው ዘመን አገራችን ላይ ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ «በሕግ አምላክ» ተብሎ ይገታ ነበር። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ መጀመሪያ እጅ ይሰበሰባል፣ ቀጥሎ ዳኛ ይፈለጋል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት የሚባለው ውስብስብ ነገር ከሥሩ ሲታይ ይኸው ነው።

ብቅል ከተከለከለ በኋላ

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል። በ1920ዎቹ አሜሪካ ብቅል በሕግ ተከልክሏል። ፖሊስ ሆድ ያባውን የሚያወጣበት ሌላ መሣሪያ ነበረው፤ የጎማ ቱቦ።

ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር በ1929 በቀድሞው የፍትሕ ሚኒስትር በጆርጅ ዊከርሻም የሚመራ ብሔራዊ ኮሚሽን ሲያቋቁሙ፣ የሁሉም ዓይን የነበረው በመጠጥ ክልከላው ላይ ነው። ኮሚሽኑ ካወጣቸው አሥራ አራት ዘገባዎች መካከል ግን ረዥም ዕድሜ ያገኘው በ1931 የወጣው አሥራ አንደኛው ነው፦ ሕግ አስከባሪዎች ራሳቸው ስለሚፈጽሙት ሕገ ወጥነት። ያዘጋጁት ቼፊ፣ ዋልተር ፖላክና ካርል ስተርን ናቸው።

የፖላክ ስም እዚህ መገኘቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። በ1925 የኮሚኒስቱን የቤንጃሚን ጊትሎውን ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆመው የተከራከሩት እሳቸው ነበሩ። ጊትሎው ተረታ፤ ፍርድ ቤቱ ግን የመናገር ነጻነት የፌዴራሉን መንግሥት ብቻ ሳይሆን ክልሎችንም እንደሚገታ በዚያ ፍርድ ላይ ተቀበለ። የመናገር ነጻነት መምህርና የመናገር ነጻነት ጠበቃ አሁን ምርመራ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚደረግ ለማየት ተቀጠሩ ማለት ነው።

ያዩት ነገር በአሜሪካ የፖሊስ ቋንቋ «ሦስተኛው ደረጃ» ይባል ነበር፤ ሰውን በሥቃይ ማናዘዝ ማለት ነው። ዘገባው ዓይነቱን በየመልኩ ይዘረዝራል። የጎማ ቱቦ የሚመረጠው ይሰብራል እንጂ ምልክት ስለማይተው ነው። እንቅልፍ መንሣት አለ፤ መርማሪዎቹ እየተፈራረቁ፣ ተጠርጣሪው ግን ሳይለወጥ፣ ቀንና ሌሊት ይጠየቃል። ዓይን ላይ ኃይለኛ መብራት ማብራት አለ። ሰውየውን ከጣቢያ ጣቢያ እያዘዋወሩ ቤተሰቡም ጠበቃውም የት እንዳለ እንዳያውቁ ማድረግ አለ። የሞት ፍርድ የተፈረደበት የአንድ ቻይናዊ ወጣት ጉዳይም የዚህ ታሪክ አካል ነው። በ1919 ዋሽንግተን ውስጥ በነፍስ ግድያ የተጠረጠረው ዚያንግ ሱንግ ዋን ታሞ አልጋ ላይ ሳለ ለቀናት ያለ ዕረፍት ተጠይቆ ነው ያመነው። በ1924 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በብራንዳይስ ብዕር፣ ተገድዶ የተሰጠ ቃል ግዴታው ምንም ዓይነት ይሁን ምን ማስረጃ አይሆንም ብሎ ሽሮታል።

የዘገባው ጥንካሬ በማዘን ላይ አለመቆሙ ነው። ዱላ የሐሰት ኑዛዜ ያስገኛል፤ ዱላ የለመደ ፖሊስ ማስረጃ ፍለጋ እግሩን አያነሣም፤ ችሎቱ ስለ ወንጀሉ መሆኑ ቀርቶ ቃሉ እንዴት እንደተገኘ ክርክር ይሆናል፤ ሕዝቡም ፖሊስን መርዳት ያቆማል ይላል። የፖሊስ አዛዦች ተቆጡ፤ ዘገባውን ሐሰት ያሉም ነበሩ። ነገር ግን ጭብጡ ከራሳቸው ከፍርድ ቤቶች መዝገብ ጭምር የተለቀመ ስለነበር ማስተባበሉ አልሆነላቸውም።

ዘገባው ፍርድ ሲሆን

ከዚያ በኋላ የሆነው በዝግታ ነው የሆነው። በ1932 ፖላክ እንደገና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆሙ፤ አሁን በአላባማ፣ ስኮትስቦሮ፣ በቅጡ የሚከራከርላቸው ጠበቃ ሳያገኙ ሞት ለተፈረደባቸው ጥቁር ወጣቶች። ረቱ። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ባለ የሞት ጉዳይ ላይ ጠበቃ መንፈግ ፍትሕን መንፈግ ነው አለ።

በ1936 ደግሞ የሚሲሲፒው የብራውን መዝገብ መጣ። ሦስት ጥቁር ገበሬዎች አንድ ነጭ ባለ እርሻ ገድላችኋል ተብለው ተይዘዋል። አንዱን በገመድ ከዛፍ ላይ ሰቅለው አወረዱት፤ ደግመው ሰቀሉት። ሌሎቹን ወንበር ላይ አስደፍተው የብረት ዘለበት ባለው የቆዳ ቀበቶ ጀርባቸውን ተለተሉት፤ የሚሉትን በዝርዝር እስኪሉ ድረስም እንደማይቆም ነገሯቸው። ችሎት በተቀመጠ ጊዜ የገመዱ ምልክት አንገት ላይ ይታይ ነበር። ምክትል ሸሪፉ መግረፉን አልካደም፤ ለጥቁር ይህ አልበዛም ብሎ መሰከረ። እንዲህ ሆኖም ሞት ተፈረደባቸው፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናው። ዋና ዳኛ ቻርልስ ኢቫንስ ሂውዝ በሙሉ ድምፅ ሽረው፣ የሥቃይ ክፍል የምስክር መቀመጫን ሊተካ አይችልም አሉ።

በ1943 ደግሞ ቦስተን ላይ ከቼፊ ጎን ቆመው የነበሩት ፍራንክፈርተር ራሳቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። በማክናብ መዝገብ፣ የተያዘን ሰው ቶሎ ዳኛ ፊት ሳያቀርቡ ያወጡት ቃል በፌዴራል ችሎት ማስረጃ አይሆንም ብለው ጻፉ። የነጻነት ታሪክ በአመዛኙ የሥነ ሥርዓት ጥበቃዎች የተከበሩበት ታሪክ ነው የሚለው አባባላቸው ከዚያ ፍርድ የመጣ ነው። የቼፊን ዕድሜ ልክ ሥራ በአንድ አረፍተ ነገር ጠቅልል ቢባል ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በ1966 በታወቀው የሚራንዳ ፍርድ፣ ፖሊስ ከመጠየቁ በፊት ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብትህን ሊነግርህ ይገባል ሲባል፣ ዋና ዳኛ ኧርል ዋረን በምስክርነት ከጠሯቸው ጽሑፎች አንዱ ያ የ1931 ዘገባ ነው። በፊልም ሁሉ የምንሰማው «ዝም የማለት መብት አለህ» የሚለው ቃል ከበስተኋላው እነዚያ ሦስት ሰዎች አሉበት።

በመናገር ነጻነቱም በኩል መንገዱ እንዲሁ ረዥም ነበር። ቼፊ በ1920 ያወጡትን መጽሐፍ አስፍተው በ1941 እንደገና አሳተሙት። የጀርዚ ሲቲ ከንቲባ ፍራንክ ሄግ የሠራተኛ ማኅበራትን ስብሰባ ሲያግዱ፣ ቼፊ አባል የነበሩበት የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ኮሚቴ ጣልቃ ገብቶ ለተሰብሳቢዎቹ ተከራከረ። በ1939 የተሰጠው ፍርድም ጎዳናና መናፈሻ የሕዝብ መነጋገሪያ መሆናቸውን አጸና። በ1969፣ ቼፊ ካረፉ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ንግግር ሊያስቀጣ የሚችለው ወዲያውኑ የሚፈጸምን ሕገ ወጥ ድርጊት ለማነሣሣት ያለመና ይህንኑ ሊያስከትል የሚችል ሲሆን ብቻ ነው ሲል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወሰነ። በዚያ መዝገብ የተጠቀመው ተከሳሽ የኩ ክለክስ ክላን መሪ ነበር። የቼፊን መርሕ የሚቀበል ሰው ይህንንም መቀበል ግድ ይለዋል።

ከጄኔቫ ወደ አንቀጽ 19

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቼፊ ከአሜሪካ ወሰን ወጡ። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የመረጃና የፕሬስ ነጻነት ንዑስ ኮሚሽን አባል ሆኑ፤ በ1948 ጸደይም በጄኔቫው የመረጃ ነጻነት ጉባኤ ከአሜሪካ ልዑካን ጋር ተቀመጡ። በእነዚህ መድረኮች የተረቀቀው ሐሳብ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ለጸደቀው ለዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 19 ግብዓት ሆኗል። መግለጫው ሲጸድቅ በድጋፍ ድምፅ ከሰጡት አርባ ስምንት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ያለ ድንበር መረጃና ሐሳብ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት መብት የሚለው አነጋገር ተወራርሶ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ላይ ይገኛል።

አንድ የቁጥር ግጥምጥሞሽ ደግሞ አለ። በእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎች መብት ነው፦ ያለመናገር፣ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ፣ ተገድዶ ያለማመን። ዝም የማለት መብት ለተያዘ ሰው ይነገረው የሚለው ድንጋጌማ በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 27 ላይ ተጽፏል፤ ከሚራንዳ ፍርድ በአምስት ዓመት ይቀድማል። የዚያ ሕግ ምንጭ ሌላ ነው፤ ከቼፊ ጋር አያይዤ ማጋነን አልሻም። ነገር ግን የመናገር ነጻነትና ዝም የማለት ነጻነት፣ በአንዱ ሰነድ አንቀጽ 19፣ በሌላው ሰነድ አንቀጽ 19 ሆነው ሲገኙ፣ ፕሮፌሰሩ ቢያዩት ፈገግ የሚሉ ይመስለኛል።

ጥላው

ቅኝት ውዳሴ አይደለምና ጉድለቱንም እንይ። ፈላስፋው አሌክሳንደር ማይክልጆን በ1948 ባወጣው መጽሐፍ፣ ራሱን በሚያስተዳድር ሕዝብ ዘንድ ፖለቲካዊ ንግግር በሚዛን ላይ ሊቀመጥ አይገባውም ብሎ የሆልምስን መመዘኛም፣ ቼፊ ለእሱ የሰጡትንም ትርጓሜ ነቀፈ። ቼፊ መለሱ፤ ፍጹም የሆነ መብት ዳኛ ፊት አይቆምም ነው ነገሩ። በ1960 ደግሞ የታሪክ ምሁሩ ሌናርድ ሊቪ፣ የሕገ መንግሥቱ አባቶች መንግሥትን በመተቸት መቅጣትን ለማጥፋት አስበው ነበር የሚለው የቼፊ ታሪክ ማስረጃው የሳሳ ነው አለ። ዴቪድ ራባን በ1997 ሌላ ጉድለት አሳየ፦ ቼፊ ከጦርነቱ በፊት ስለ ንግግር ነጻነት ሲታሰሩና ሲጽፉ የኖሩትን ሥር ነቀሎች ከታሪኩ አስወጥተዋቸዋል። ፍርድ ቤት የሚያከብረው የዘር ሐረግ ለማበጀት ሲሉ፣ ከፊታቸው መንገድ የጠረጉትን ዘነጉ።

ከሁሉ የሚከነክነው ግን የ1953ቱ ነው። ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ በ1952 ቼፊን ለአሜሪካ አደገኛ ከሆኑ ሰባት ሰዎች አንዱ ብሎ ጠርቷቸው ነበር። የኮንግረስ ኮሚቴዎች ምሁራንን እየጠሩ ኮሚኒስት ነህ ወይ በሚሉበት በዚያ ወቅት፣ ቼፊ ከባልደረባቸው ከአርተር ሰዘርላንድ ጋር በሃርቫርድ የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ አወጡ። ምክሩ ዜጋ ሲጠየቅ መመለስ ግዴታው ነውና ማንም በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም በሚለው በአምስተኛው ማሻሻያ ከለላ በቀላሉ አትሸሸጉ የሚል ነበር። ሕጉን እንደ ጠበቃ ሲያነቡት ስሕተት አልነበረበትም፤ ጊዜው ግን ሰው ከለላ አጥብቆ የሚፈልግበት ነበር። ተገድዶ መናገርን በ1931 ያጋለጠው ብዕር በ1953 ተናገሩ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን ኧርዊን ግሪስዎልድ ያንኑ ከለላ የሚሟገት መጽሐፍ ጻፉ፤ ንጹሕ ሰውም ዝም የሚልበት በቂ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል አስረዱ። በዚህ ጉዳይ ግሪስዎልድ ልክ ነበሩ። ሆኖም ያው ቼፊ ኮሚቴዎቹን ከመንቀፍ፣ የኮሚኒስቶችን መብት ከመሟገት አንድ ቀን አላረፉም።

በ1956 ጡረታ ወጡ፤ በፌብሩዋሪ 1957 አረፉ። የሚገርመው፣ ቼፊ ራሳቸው አጥብቀው ይኮሩበት የነበረው ሥራ ከዚህ ሁሉ አንዱ አልነበረም። በ1936 በረቂቃቸው የወጣች አንዲት የሥነ ሥርዓት ሕግ ናት፤ የኢንሹራንስ ገንዘብ ሁለት ሦስት ሰው ሲጣላበት ከፋዩ ድርጅት ሁሉንም በአንድ ፍርድ ቤት ጠርቶ እንዲገላገል የምታስችል። አዳሜ ስለ ነጻነት ሲያወድሳቸው፣ እሳቸው ስለ ሥነ ሥርዓት ይመጻደቁ ነበር።

ምናልባትም ትክክለኛው አቀማመጥ ይኸው ነው። ስለ ሐሳብ ነጻነት የሚያምር ቃል የሌለው ሕገ መንግሥት ዛሬ በዓለም ላይ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሰው በተናገረው ወይም በጻፈው ተያዘ የሚል ዜና ስትሰማ ምን አለ ብለህ ከመጠየቅህ በፊት ሌሎቹን ጠይቅ፦ በማን ትእዛዝ ተያዘ? በስንት ሰዓት ዳኛ ፊት ቀረበ? ጠበቃው የት ነበር? ቃሉን የሰጠው እንዴት ነው? የተናገረውን ብትጠላውም ጠይቅ። ቼፊም የጠየቁት ለሚጠሉት ነው።